የጥያቄ ምልክት ብቻ

«በቃ፣ ተስተካከለ!» አለ ሞተር፣ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ። ስሙ የወጣለት አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንለት ነው።

አጠገቡ የተቀመጠችው ጓደኛው ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። የትምህርት ቤቱን መጽሔት ድረ ገጽ የሚይዙት እነሱ ሁለቱ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሞተር ገጹን ወደ አዲስ ሰርቨር ሲያዛውር፣ የአማርኛ ፊደል እንዲቀበል የሚያደርገውን ማስተካከያ ዘለለው። ሞክሬዋለሁ ብሏት ነበር። ሞክሯልም፤ ግን «ሰላም ነው» ብሎ የጻፈው እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች የላኩት ጽሑፍ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

አሁን እሷ ማስተካከያውን አስገብታ ሰርቨሩን አጥፍታ አስነስታዋለች። «ዝናብ ዘነበ» ብላ ጻፈች፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ አላት። ከዚያ የቀድሞዎቹን ጽሑፎች ስትከፍት፣ ያው የጥያቄ ምልክት።

«ቀስ ብለው ይመጣሉ» አላት።

«አይመጡም። ሰርቨሩ ፊደሎቹን ስላላወቃቸው፣ በነሱ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ነው ያስቀመጠው። ዋናው የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ የምንለቅመውም የለን!»

ሞተር መሽከርከሩን አቆመ። «ስሚ፣ ልጆቹ ናቸው አበላሽተው የላኩት እንበል። የጽሑፍ መቀበያው ገጽ ዛሬ ይዘጋል፤ ያልደረሰ አልደረሰም። ቲቸር እውነቱን ካወቁ ከክበቡ ያባርሩኛል እኮ!»

«የሰባተኛ ክፍሏስ? ርቆ ስለሄደው ወንድሟ እዚሁ ቁጭ ብላ ነው የጻፈችው። ሌላ ቅጂ የላትም።»

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ብቅ አሉ።

«እህ፣ ተሳካ?»

«ተሳክቷል ቲቸር!» አለ ሞተር። «ልጆቹ ናቸው አበላሽተው የላኩት።»

«በሉ እንግዲህ፣ የነሱ ለከርሞ ይሁን» ብለው ዞሩ።

ሞተርን ትወደዋለች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነው። ያለ እሱ ይህ የኮምፒውተር ክፍል ምን ሊመስል እንደሚችል አሰበችና ፈራች።

«ቲቸር፣ ልጆቹ አልተሳሳቱም» አለች። «እኛ ነን ያጠፋነው። ጽሑፎቻቸው ላይመለሱ ጠፍተዋል። እባክዎ ገጹ ዛሬ አይዘጋባቸው።»

ሞተር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መምህሩ ተመልሰው ገቡና ወንበር ሳቡ።

«ከመጀመሪያው ንገሩኝ።»

«እሱ ይንገርዎት፤ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። «እኔ መጣሁ።»

የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ጽሑፏ መጥፋቱን ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት ራሷ ልትነግራት ፈልጋ፣ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።