ዘንዶውን ያልገደለችው ልጅ

«በቃ፣ ዛሬ አብረን እንጫወታለና!» አለች «መነጽሯ» የሚሏት ልጅ፣ ቦርሳዋን እየዘጋች። «አንቺም ጌሙን እኔ በገዛሁበት የኢንተርኔት መደብር ነው የገዛሁት ብለሻል። ቤት ስገባ የጓደኝነት ጥያቄ እልክልሻለሁ።»

ራዲዮ «እሺ» አለቻት። የክፍሉ ልጆች ይህን ስም ያወጡላት ወሬዋ ማቋረጫ ስለሌለው ነው። ራዲዮን ደግሞ ሰው ይሰማዋል እንጂ አያዋራውም፤ ስቀው ስቀው ይበተናሉ። «እሺ፣ ከዚያስ?» ብላ የጠየቀቻት አዲስ የመጣችው መነጽሯ ብቻ ነች። ከዚያማ ማን ይያዛት! የጌሙን ባለ ሰባት ራስ ዘንዶ ዐይኗን ጨፍና እንደገደለችው፣ ስድስተኛው ራስ «በናትሽ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ እንደለመናት ሳይቀር አወራቻት። ጌሙን ግን እንኳን ልትጨርሰው፣ ከፍታውም አታውቅም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ እያደር ከበደ።

ቤት ስትገባ ማንም የለም። እናቷ ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተረኛ ናት። ታላቅ ወንድሟ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት የሚያወራት ፍሪጁ ብቻ ነው፤ እሱም ያጉረመርማል።

ወንድሟ ትቶላት የሄደውን ኮምፒውተር ከፍታ ጌሙን የሚሸጡ ሁለት የኢንተርኔት መደብሮችን ጎን ለጎን አደረገች። አንዱ ጋ፣ መነጽሯ በገዛችበት፣ ጌሙ በግማሽ ዋጋ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ግን ንቅንቅ አይልም፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወትሽም ለጓደኞችሽ ያሳብቃል። ሌላው ውድ ነው፤ ወንድሟ ለልደቷ የላከላትን ገንዘብ ሙልጭ ያደርገዋል። ግን አንዴ ከወረደ መስመር ቢቋረጥም ይሠራል፣ ማንም አያይም። «ኢንተርኔት ጠፋብኝ» ብላ መነጽሯን አታልላ፣ ቅዳሜና እሁድ ተደብቃ ዘንዶውን መግደል ትችላለች።

ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ርካሹ ይሻላል ውዱ?»

«ውዱ ነዋ ሚጢዬ! የእናንተ ሰፈር መስመር እኮ ደመና ሲያይ ይደነግጣል። ርካሹን ገዝተሽ ስክሪን ላይ ልታፈጪ ነው?»

«በውዱ ከሰው ጋር መጫወት ይቻላል?»

«እሱ እንኳ ለብቻ ነው።» ከዚያ ድምፁ ፈካ አለ፤ «ምነው፣ የምትጫወቺው ሰው አገኘሽ እንዴ?»

ራዲዮ ዐይኗን ወደ ርካሹ መደብር መለሰች። ወንድሟም መልሷን ሳይሰማ «አለቃዬ መጣ፣ ቻው» ብሎ ዘጋ። ፍሪጁ አጉረመረመ።

ርካሹን ገዛች።

ገና አውርዳ ሳትጨርስ የመነጽሯ ጥያቄ መጣ። ተቀበለች። ወዲያው መልእክት ተከተለ፤

«ዜሮ ሰዓት ይላል እኮ?»

ጣቶቿ በለመዱት መንገድ ሮጡ፤ «ቆጣሪያቸው ተበላሽቶ ነው፣ ኩባንያው ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ዳይሬክተሩማ አልቅሷል…» ግሩም ወሬ ነበር። አንዴ አነበበችው፣ ለብቻዋ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፊደል በፊደል አጠፋችው።

«ልክ ነው። ተጫውቼው አላውቅም» ብላ ጻፈች። «ከየት ነው የሚጀመረው?»

ላከችው።