ያለ ሞት የተነፋ ጥሩምባ

ቡሬ ከተማ ዳር፣ በካምፓሱ ስታዲየምና በከተማው ስታዲየም መካከል፣ ሰው «ሜዳ ጀርባ» የሚለው ሰፈር አለ። በሁለቱም በኩል ግብ በገባ ቁጥር የሜዳ ጀርባ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል። እልልታው ይሰማዋላ! ችግሩ በሁለት ግንብ መካከል የተቀመጠ ሰፈር ሁለት ጀርባ እንጂ አንድም ፊት የለውም። የጨዋታ ቀን ቆሻሻው ወደዚያ፣ የክረምት ጎርፉ ወደዚያ፣ መሽናት የፈለገውም ወደዚያ ነው።

ሰፈሩ ይለማል ከተባለ ቆይቷል። በአንዱ በጋ ባለሙያዎች ሜትር ይዘው መጡና በየበሩ ቀይ ቀለም ቀቡ። «መልሶ ማልማት ነው፤ አስፋልት ይገባል፣ ለተማሪ የሚከራይ ፎቅ ይሠራል» ብለው ሄዱ። ሄዱ ስላችሁ፣ ሄዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሚያፈስ ቆርቆሮ የሚቀይር ጠፋ። የወደቀ አጥር የሚያቆም ጠፋ። ቦይ የሚጠርግማ ከናካቴው ጠፋ። «ለሚፈርስ ሰፈር?» ይባባላሉ። ወገኖቼ፣ ያን ሰፈር ዶዘር አልነካውም፤ ያፈረሰችው «ሊፈርስ ነው» የምትባለው ቃል ናት።

ከሁሉ የከፋው ጉድጓዱ ነበር። የስታዲየሙን ጎርፍ እንዲቀበል ተብሎ የተቆፈረ፣ ሥራው ሲቋረጥ አፉን ከፍቶ የቀረ ጉድጓድ ነው። ከካምፓሱ በር ወደ ሰፈሩ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነበር። በበጋ ቆሻሻ ይደፋበታል፤ በክረምት ውኃ ሞልቶ ከመንገዱ ጭቃ ጋር አንድ ይመስላል። የሰፈሩ ሰው ቦታውን ስለሚያውቅ ዞር ብሎ ያልፋል። እንግዳውን ፈጣሪ ይጠብቀው ይባላል።

የዚያ ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ ደርበው ይባላል። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በየመንገዱ እየነፋ ያረዳል። ሰውም በሩን ገርበብ አድርጎ «ማን ሞተ?» ይላል፤ ደርበውም ስሙን ጠርቶ ያልፋል። ሚስቱ ሀብትነሽ የሽንዲ ልጅ ናት፤ በካምፓሱ በር ቅቅል ድንች በአዋዜ ለተማሪ ትሸጥ ነበር። ልጃቸው ፀደይ ደግሞ በካምፓሱ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥራ ትሠራለች።

በሰኔ መግቢያ ላይ ሀብትነሽ ባሏን እንዲህ አለችው፦

«ደርበው፣ እድሩ ዶማ አለው፣ አካፋ አለው፣ ጉልበት ያለው ወንድ አለው። አንድ ቀን ብትወጡ ይህን ጉድጓድ ትደፍኑት የለም ወይ? ክረምቱ መጣ እኮ።»

«ለሚፈርስ ሰፈር ምን አደከመን? ልማቱ ሲመጣ ዶዘሩ በአንድ ግፊት ይደፍነዋል።»

«ላም አለኝ በሰማይ!»

«የእድሩ ዕቃ ለቀብር ብቻ ነው፤ ደንብ ነው። ዳኛው አይሰጥም፣ አትልፊ።»

ሀብትነሽ ሳፋዋን ማጠብ ቀጠለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ለሞተ ሰው ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ። በቁሙ ለሚሄድ ሰው ጉድጓድ መድፈን ነው ያቃታችሁ?» አለች።

ደርበው ሳቀ። «አየ ጉድ፣ አንቺ እኮ ቅኔ ቤት ብትገቢ ኖሮ!» አላት። ጨዋታ አድርጎም ለእድሩ ዳኛ ለአቶ አድማሴ ነገራቸው። እሳቸውም ሳቁ።

በሐምሌ አንድ ምሽት፣ ገና ሳይጨልም፣ ከካምፓሱ የሚወጡ ተማሪዎች ጉድጓዱ ላይ ሳፋ ተንሳፍፎ አዩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ገብተው ሀብትነሽን ሲያወጧት ነፍሷ የለችም። ቦታውን አሳምራ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ግን ያን ዕለት ጎርፉ መንገዱን በሙሉ ሸፍኖት ዋለ፣ ዞር የሚባልበትም አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ደርበው ጥሩምባውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ፀደይ እጁን ይዛ፣ «አባየ፣ ዛሬስ ሌላ ሰው ይንፋው!» ብላ አለቀሰች። «ሥራዬ ነው» አላትና ወጣ። እየነፋ ሄደ። በየበሩ «ማን ሞተ?» ሲሉት፣ «ሀብትነሽ» እያለ እንደማንም ሰው ስም ጠርቶ አለፈ። አሮጊቷ እማማ የሻሽወርቅ ከውስጥ ሆነው «የማን ሀብትነሽ?» ብለው ጠየቁት።

«የኔ» አለ ደርበው፤ ወደሚቀጥለው በርም ሄደ።

ያን ቀን ከሜዳ ጀርባ የቀረ ሰው የለም። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ዶማና አካፋው ወጣ። መቃብሩ ፀሐይ ሳትበረታ ተቆፍሮ አለቀ። ደርበው ከዳር ቆሞ አካፋዎቹ አፈሩን ሲወረውሩ አየ። እንዴት ይፈጥናሉ፣ አለ በልቡ። አላለቀሰም። እግር ሲደነዝዝ ቢቆነጥጡት እንደማይሰማው፣ ልቡ እንደዚያ ሆነበት። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቷል፦ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ምነው አያ ደርበው?» ይህም አልተሰማውም።

ጉድጓዱስ? እ! ከጉድጓዱ አጠገብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተክለው ቀይ ጨርቅ አሰሩበት። በቃ፣ ያ ሁሉ ሰው ያደረገው እሱን ነው። አርባው ወጣ፤ ቅርንጫፉ ቆሟል፣ ጉድጓዱም እንደተከፈተ ነው።

ደርበው የሰጡትን ይበላል፣ ተነስ ሲሉት ይነሳል። በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፀደይ ከሥራ በምትወጣበት ሰዓት ዱላውን ይዞ ጉድጓዱ ዘንድ ይቆማል። ስትመጣ እጇን ይዞ ያዞራታል። አይነጋገሩም። ቀይዋን ጨርቅ ተመልክተው በስተግራ ዞረው ይገባሉ።

ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። ደርበው ሲደርስ መንገዱ ከግንብ እስከ ግንብ ውኃ ሆኗል፤ ቅርንጫፉን ጎርፍ ወስዶታል። ዱላውን እየሰደደ ፈለገ። እዚህ ሲለው መሬት ነው፤ እዚያ ሲለው መሬት ነው። ያን ሁሉ ክረምት ሲዞረው የኖረ ሰው ጉድጓዱ የት እንዳለ ጠፋው። ከወዲያ ማዶ ፀደይ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ መግባት ጀምራለች።

«ቁሚ!» አለ። «አትንቀሳቀሽ!»

እሷም ቆመች። ደርበው በግንቡ ጥግ ተለጥፎ ዞሮ መጣና ከእግሯ ፊት ዱላውን ሰደደ። ዱላው እስከ እጁ ድረስ ገባ፤ ታቹን አልነካም። አንድ እርምጃ ነበር የቀራት።

ፀደይ ተንቀጠቀጠች። ደርበው እጁን አየው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣበት፦ ነገ ጠዋት የሷንም ጥሩምባ ይዤ እወጣ ነበር፤ «የማን ፀደይ?» ቢሉኝም «የኔ» ብዬ አልፍ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያስፈራው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ልጁን ቤት አስገብቶ በቀጥታ ወደ አቶ አድማሴ ሄደ።

«ዳኛ፣ ዶማውንና አካፋውን ይስጡኝ። ሰውም ይዘዙልኝ።»

አቶ አድማሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አስቀመጡት፣ አጽናኑት። «ደርበው፣ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው። ግን ደንቡን እኔ ብቻዬን አልሽረውም። ንብረቱ ለቀብር፣ ጥሩምባውም ለሞት ነው። ደግሞ ልማቱ ዘንድሮ ይጀመራል ተብሏል። ዛሬ ለፍተን የደፈንነውን ነገ ሊቆፍሩት? ትንሽ እንታገሥ።»

ደርበው የራሱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰማው። ለሀብትነሽ የመለሰላት ይኸንኑ ነበር። ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባው ተነፋ። ዝናቡ አባርቷል፤ ጎርፉም ከመንገዱ ጎድሏል። ደርበው እንደ ወትሮው በየበሩ አለፈ። «ማን ሞተ?» ሲሉት ግን አይመልስም፤ ነፍቶ ይሄዳል። ሰው ደነገጠ። ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቱ ነጠላውን ለሐዘን ለብሶ ወጣ። አቶ አድማሴ የእድሩን መጋዘን ከፈቱ፤ ድንኳኑም፣ ዶማውም፣ አካፋውም ወጣ። ሁሉም ጥሩምባውን ተከትሎ ሲሄድ ራሱን ጉድጓዱ ዘንድ አገኘው።

«ኧረ ማን ነው የሞተው? ተናገር እንጂ!»

«ማንም አልሞተም» አለ ደርበው።

ጫጫታው ተነሳ። አቶ አድማሴ በቁጣ ከዘራቸውን ወዘወዙ። «ያለ ሞት ጥሩምባ መንፋት ሟርት ነው! ደንብ ጥሰሃል፣ ትቀጣለህ!»

«ቅጡኝ» አለ፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «የሚቀጥለውን ሟች ስሙን ስላላወቅሁት ነው በየበሩ ዝም ያልኩት። ትናንት ፀደይ ልትሆን ነበር። ነገ የጎረቤታችን የእጅጉ ልጅ ይሁን፣ ከአዴት የመጣ ተማሪ ይሁን አላውቅም። ሀብትነሽ ይህን ድፈኑ ብላኝ ነበር። ለሞተ ሰው ትቆፍራላችሁ፣ ለቆመ ሰው መድፈን አቃታችሁ ወይ ብላኝ ነበር። እኔ ሳቅሁ። ስትሞት ግን አንድ ሰው አልቀረም፣ ጉድጓዷም ሳይረፍድ አለቀ። ይኸው ዶማው በእጃችሁ ነው። ቀብር ነው በሉትና ይህን ጉድጓድ እንቅበረው።»

 እማማ የሻሽወርቅ ለሐዘን ያጣፉትን ነጠላ ፈትተው ወገባቸውን ታጠቁበት። ጎንበስ ብለው ከወደቀው አጥር ሥር አንድ ድንጋይ አነሱ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉት። «የማን ሀብትነሽ ብዬ የጠየቅሁ ነኝ» አሉ። «የኛ ነበረች።»

እጅጉ ተከተለ። ከዚያ ማን እንደቀጠለ እንጃ። ድንጋይ ጣሉ፣ ፍርስራሽ ጨመሩ፣ አፈር መለሱ፤ ጎርፉ ወደ ወንዝ የሚወርድበት ቦይም ከጎኑ ቀደዱ። አቶ አድማሴ ከዘራቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ኋላ ኮታቸውን አውልቀው ግንቡ ላይ ሰቀሉና አካፋ ተቀበሉ። «ልማት እስኪመጣ ብለን ሰው በላን እኮ» ሲሉ አጠገባቸው የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ያ ሁሉ ክረምት የተፈራ ሥራ እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ።

እስቲ እናንተም ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ስንቶቻችን ነን ለቀብር የሚቀድመን ሳይኖር፣ ለቦይ ጠረጋ ቀስቃሽ የምንፈልግ? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ወደው ነው? መንግሥት የሚሠራውን ይሥራ፤ አስፋልቱም ፎቁም ይምጣ፣ ማን ይጠላል! ሰፈር ግን እስኪለማ ድረስም ሰው ይኖርበታል። የሜዳ ጀርባ እድር ደንቡን ለውጧል፦ ጥሩምባው አሁን ለሞትም ለሥራም ይነፋል፤ ከሥራ የቀረም ከቀብር እንደቀረ ይቀጣል። ቀዩ ቀለም እስከ ዛሬ በየበሩ አለ።

ደርበው ያን ዕለት ማታ ከልማዱ አልቀረም። ዱላውን ይዞ በአዲሱ አፈር ጫፍ ቆመ። ፀደይ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር እያወራች መጣች፤ ስለ አንድ ነገር ትስቃለች። ወደ እግሯ አላየችም፣ ወደ ግራም አልዞረችም፤ እንዲያው ወሬዋን ሳታቋርጥ በላዩ ተራመደች። አልፋ አጠገቡ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው።

«አባየ! ምነው፣ ምን ሆኑ?»

 ዱላው ከደርበው እጅ ወደቀ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቱን ስም ጠርቶ አለቀሰ።