ያልደረቀው ገጽ

የኔታ ሀብተሥላሴ በማባዣ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ዓርብ ሐምሌ 6 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። አምስት ተኩል ሲል መቶ አለቃ ማሩ ደረሰ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ የኮሌጁ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ቢሻው ወንጀለኛውን አግኝቶ፣ አሳስሮ፣ ለደኅንነት ስልክ ደውሎ ጨርሶ ነበር።

«ዘበኛው ቢያዝን ነው» አለ ጓድ ቢሻው። «ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ዱላውም በሩ ላይ ወድቆ ተገኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ያንተ ሥራ ወረቀቱን ማሟላት ብቻ ነው።»

ያ መኪና ሰው ሲወስድ እንጂ ሲመልስ ያየ ጎንደሬ የለም። ማሩም ያውቃል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ጓድ» አለ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀኑ የኔ ነው።»

መቶ አለቃ ማሩ ወንበር የሚጠላ ሰው ነው። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል ተቀምጦ ቃል ሲቀበል ያየው የለም። ይዞራል፣ መስኮት ይከፍታል፣ የሰው ዕቃ ያነሳል። ባልደረቦቹ «ሱሪው ውስጥ ጉንዳን የገባበት» እያሉ ያሙታል። ያን ቀን ግን ጉንዳኑ ከወትሮው ብሶ ነበር፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል።

የኔታ የሚሠሩበት የኮሌጁ የትምህርት ክፍል በድሮ ስሙ የሊበራል ጥናት ክፍል ይባል ነበር። «ሊበራል» የቡርዧ ጠረን አለው ተብሎ የጠቅላላ ጥናት ክፍል ሆነ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የመምህራኑንና የምሩቃኑን ሥራ የሚዘረዝር መጽሔት እንዲያወጣ ታዟል፤ ማን ምን ጻፈ፣ ማን ምን ተሸለመ የሚል። አዘጋጁ የኔታ ሀብተሥላሴ ነበሩ፤ ከቅኔ ቤት ወደ ኮሌጅ የመጡ፣ ከሰው የማይጣሉ፣ ግን በእውነት ነገር ላይ እንደ በቅሎ ግትር የሆኑ ሽማግሌ። የመጽሔቱ ጌጥ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ዓለምነው ነው። «የወገራ ገበሬ የዘር አያያዝ» የተባለው መጽሐፉ ሜዳሊያ አሸልሞታል።

በዚያ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሠራተኛው በሙሉ በውይይት ክበብ ነበር። አዳራሹ መጋረጃው ተዘግቶ ስለ ሶቪየት እርሻ ፊልም ታይቷል። የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መጽሔቱን ለማድረስ የተፈቀደላቸው የኔታና በር የሚጠብቁት አያ ቢያዝን።

ማሩ መጀመሪያ ታይፒስቷን ውቢትን አስጠራ። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጣቶቿ በቀለም ጠቁረዋል፤ ላምባ ላምባ ትሸታለች።

«ይቅርታ» አለች እጇን እየደበቀች። «የማባዣ ቀለም በሳሙና አይለቅም። በላምባ ብቻ ነው።»

«መጽሔቱ ስንት ገጽ ነው?»

«አምስት። አራቱን አትመዋል፣ ይኸው። ገጽ ሦስት ብቻ የለም። ሰኞ እኔ ነበርሁ ስቴንስሉን፣ የማባዣውን የሰም ወረቀት፣ በታይፕ የመታሁት። ትናንት ግን ‹አርመዋለሁ› ብለው ራሳቸው እንደ አዲስ መቱት። ሳያትሙት ሞቱ መሰለኝ።»

«አዲሱ ስቴንስልስ?»

ዙሪያዋን አየች። «እሱም የለም።»

ጠረጴዛው ላይ አራት ክምር አለ። እያንዳንዱ ካኪ ወረቀት ለብሶ ድንጋይ ተጭኖበታል።

«በክረምት ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም» አለች ውቢት። «እንዳይበላሽ ካኪ እናለብሰዋለን። ነፋስ እንዳይወስደው ደግሞ ድንጋይ።»

ማሩ ጎንበስ ብሎ ከማሽኑ ጀርባ የወደቀ አምስተኛ ካኪ ወረቀት አነሳ። ድንጋዩ የተቀመጠበት ቦታ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ድንጋዩ ግን የለም። ወደ መስኮቱ ሄዶ ወደ ታች አየ። ቦዩ ውስጥ፣ ጎርፍ ያጠበው ጡብ የሚያህል ድንጋይ ተጋድሟል። ከዚያ ካኪውን ገለበጠ።

«መስታወት አለሽ?»

ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ማሩ ወደ ብርሃኑ ዞሮ ካኪውን በመስታወት ሲያይ ቆየ። ያየውን ለጊዜው ለራሱ ያዘው፤ እኛም እንታገሥ።

አያ ቢያዝን በዘበኛ ቤቱ እጃቸው ታስሮ ተቀምጠዋል። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ ስድሳውን ያለፉ።

«ምነው ከየኔታ ጋር ተጣሉ?»

«የሆድ ነገር ነው፣ ጌታው። ተወኝ።»

«ዱላዎስ?»

«ልጅቷ ስትጮህ ሮጥሁ። በሁለት እጄ ላነሳቸው ብዬ ጣልሁት። ሸጋ ሰው ነበሩ፤ ምነው እገድላቸዋለሁ?»

«አያ፣ የሆድዎን ካልነገሩኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ይወስድዎታል።»

«ይውሰደኝ። ሌሎቹ ልጆቼ ይትረፉ።»

ማሩ ከዚህ በላይ አልገፋቸውም። ወደ ዶክተሩ ቢሮ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

ዶክተር ዓለምነው አዝኗል። ጩኸቱ እንደተሰማ ግቢው ውስጥ ካለው ቤቱ ሮጦ ጋቢ አምጥቶ አስከሬኑን ያለበሰው እሱ ነው፤ ለዚህም ሰው ሁሉ አመስግኖታል።

«አሥር ዓመት አብረን ሠርተናል» አለ። «አባት ማለት ነበሩ።»

ማሩ በጠረጴዛው ዙሪያ ይንጎራደዳል። «ማባዣውን መጠቀም ይችላሉ?»

«እኔ?» ዶክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ያ የታይፒስት ሥራ ነው።»

«ላምባ ሸተተኝ።»

«ቤት ምድጃ ስለኩስ ነው።»

«ያ የታወቀው ቦርሳዎስ? ጎንደር የሚያውቅዎት በሱ ነው።»

«ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።»

ማሩ አመስግኖ ወጣ፤ አንድ ፖሊስም ወደ ዶክተሩ ቤት ላከ።

የመጨረሻዋ ተጠያቂ የጂኦግራፊ መምህርቷ እታገኘሁ ናት። በፊልሙ ጊዜ ከዶክተሩ ጎን ተቀምጣ ነበር።

«ከአጠገቤ አልተነሳም» አለች። «ቦርሳውን በመሀላችን አድርጎ እስከ መጨረሻው አየ።»

«ቢሮዎ ከየኔታ ቢሮ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሰሞኑን የሰሙት ነገር የለም?»

የነጠላዋን ጥለት መቆንጠጥ ጀመረች። «የለም። በመስከረም ለትምህርት ወደ ውጭ እሄዳለሁ። ዶክተር ፈርሞልኛል። ከሰው ነገር ውስጥ መግባት አልፈልግም።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በማባዣ ክፍሉ ተሰበሰቡ። አያ ቢያዝን እንደታሰሩ በሩ አጠገብ ቆሙ። ጓድ ቢሻው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማሩ፣ እንደሚታወቀው፣ አልተቀመጠም።

«የኔታ ገጽ ሦስትን ሳያትሙ ሞቱ ተብሏል» ብሎ ጀመረ። «አትመውታል። ካኪ አልብሰው ድንጋይ ጭነውበታል። ገዳዩ ያንን ድንጋይ አንስቶ መታቸውና በመስኮት ጣለው። ሌሎቹን ገጾች ሳይነካ ሦስትን ብቻ ከነስቴንስሉ ወሰደ። ለይቶ የወሰደ ሰው ማንበብ ያውቃል። አያ ቢያዝን ደመወዛቸውን በጣት አሻራ ነው የሚፈርሙት።»

«በመሠረተ ትምህርት ተመርቋል!» አለ ጓድ ቢሻው። «የምስክር ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ያንብቡልን» ብሎ ማሩ ገጽ አንድን ለሽማግሌው ዘረጋላቸው። አያ ቢያዝን ወረቀቱን ገልብጠው ያዙት። ጓድ ቢሻው አሳለው።

«ውቢትስ ማንበብ ታውቃለች፤ ይህን ክፍልም ታውቀዋለች። ግን እሷ ብትሆን ካኪውን ትታ አትሄድም። እርጥብ ቀለም የነካውን ሁሉ እንደሚያትም በየቀኑ ታያለች። ይህን የማያውቀው መጽሐፍ የሚያሳትም፣ እጁ ግን ቀለም ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው።» ካኪውን ገልብጦ መስታወቱን አስጠጋ። «ፊደሉ ተገልብጧል። በመስታወት እንዲህ ይላል፦ ‹የወገራ ገበሬ የዘር አያያዝ። ደራሲው የ1965 ዓ.ም. ምሩቃችን መለሰ ቢያዝን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በሌላ ሰው ስም ታትሟልና ይታረም።›»

አያ ቢያዝን የታሰረ እጃቸውን ወደ ካኪው ዘርግተው ተራመዱ። ፖሊሱ ያዛቸው።

«ያ ስም በዚህ ግቢ አይነሳም!» ጓድ ቢሻው ብድግ አለ። «በሰባ ዓመተ ምሕረት እርምጃ የተወሰደበት ነው!»

«ስሙ ካልተነሳ የገዳዩ ምክንያት አይታወቅም። ምክንያቱ ካልታወቀ ንጹሕ ሰው መኪና ውስጥ ይገባል። የትኛውን ልጻፍ፣ ጓድ?»

ጓድ ቢሻው ተመልሶ ተቀመጠ። ማሩ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«የትናንቱ ጠብ ይህ ነበር፣ አያ?»

«ስሙን ላውጣው አሉኝ። የሞተውን አይቀስቅሱብኝ፣ ያሉኝን ያስጨርሱብኛል ብዬ ለመንኋቸው። እምቢ አሉ። እውነት ነው አሉ።»

«ይህ ሁሉ እኔን የሚነካኝ እንዴት ነው?» አለ ዶክተር ዓለምነው። «እኔ ፊልም እያየሁ ነበር። ምስክር አለኝ።»

ሁሉም ወደ እታገኘሁ ዞሩ። ማሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለበት ቆመ።

«መኪናው እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ነው የቀረው፣ መምህርት» አለ በዝግታ። «ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ይኸኛው ግን በሰው ሕይወት የሚገዛ ነው።»

እታገኘሁ ሽማግሌውን አየች፤ የታሰረውን እጃቸውን።

«አልነበረም» አለች። «መብራት እንደጠፋ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ጫማው በዝናብ ረጥቦ ነበር። ትናንት ደግሞ የኔታ በግድግዳው ወዲያ ‹ሳላወጣው አንተው ብትናገር ይሻልሃል› ሲሉት ሰምቻለሁ። መለሰ አብሮኝ ነው የተማረው። ያን ጽሑፍ ሲጽፍ አይቻለሁ። መጽሐፉ ሲሸለም አጨብጭቤያለሁ።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ማሩ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠ። ፖሊሱ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሠራተኛዎ ወለተ ሚካኤል ናት የሰጠችን። አምስት ሰዓት ላይ ሮጠው ገብተው ወረቀት ምድጃ ውስጥ አቃጠሉ፤ ቦርሳውን በላምባ ወለወሉ። ምድጃ መለኮስማ ዛሬ ጀመሩ ብላለች። ጋቢውን ያመጡት ሲመለሱ ባዶ እጅዎን እንዳይሆኑ ነው።» ማሩ ቦርሳውን ከፈተው። «ውጭውን አጽድተዋል። ገበሩ ግን ጨርቅ ነው፤ ላምባው ቀለሙን አላስለቀቀውም።»

ውቢት መስታወቷን ይዛ ተጠጋች። በገበሩ ላይ ‹መለሰ› የሚለው ስም ከነአባቱ ይነበባል።

«ሰውየው ሞቶ ነበር!» ሲል ዶክተሩ ጮኸ። «ለሞተ ሰው ሜዳሊያ ምን ያደርግለታል? ብለምናቸው፣ ብለምናቸው... ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ማተም ቀጠሉ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ጓድ ቢሻው ወጥቶ ሾፌሩን አነጋገረው፤ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ዶክተሩን የፖሊስ ላንድሮቨር ወሰደው።

ማሩ የአያ ቢያዝንን እጅ ራሱ ፈታ። «ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

ሽማግሌው ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ ማልቀስ ክልክል ነው ተባልን። እናቱ አፏን በነጠላዋ አፍና ኖራ በዚያው ሞተች። ዛሬ ስሙን በመንግሥት ፊት ጠራችሁት። አሁንስ ላልቅሰው?»

ማሩ ወደ ጓድ ቢሻው አየ። ጓድ ቢሻው ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ያልቅሱ፣ አያ» አለ ማሩ።

አያ ቢያዝን ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ወደ ግቢው ወጡና ዝናቡ ውስጥ ቆመው «መለሰ! መለሰዬ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። እታገኘሁ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። የክረምት ተማሪዎች ከየክፍሉ ወጥተው ማን እንደሞተ ጠየቁ፤ ውቢትም ስሙን ነገረቻቸው።