በሚስማር ላይ ያለው ኮዳ

ሃምሳ አለቃ ወንድይፍራው ሱቁን የሚከፍተው ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሠራዊቱ ከተበተነ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነውም እሱ ገና አልተበተነም። ሳሙናዎቹን በረድፍ ያቆማል፣ የጨውን ጆንያ አፍ እኩል አድርጎ ይጠቀልላል፣ ባንኮኒውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ ከዚያ የወታደር ካፖርቱን እንደለበሰ ከበርጩማው ላይ ይሰየማል። ላምባ፣ በርበሬና አዲስ ፕላስቲክ ተደባልቀው የሚሸቱበት ይህ ጠባብ ሱቅ በአንዲት የእንጨት በር ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ይገናኛል፤ በበሯ ስንጥቅ በኩል ሚስቱ አስካለ ጓዳ ውስጥ ጉድ ጉድ ስትል እየሰማ መዋል ደስ ይለዋል።

ከራሱ በላይ ሚስማር ላይ ኮዳ ተሰቅሏል። የይርዳው ኮዳ ነው። ይርዳው የአገሩ ልጅ፣ የጦር ሜዳ ጓደኛው፣ የአስካለ የመጀመሪያ ባልና የትልቋ ልጅ የብርቄ አባት ነበር። ሠራዊቱ ሲሸሽ ወንድይፍራው የጓደኛውን ካፖርትና ኮዳ ይዞ ከተማዋ ገባና ለሽማግሌዎቹ «በእጄ ነው የቀበርኩት» አላቸው። እነሱም እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ ሄደው አስካለን አረዷት፤ ሬሳ ስላልነበረ ካፖርቱ መሀል ተዘርግቶ ተለቀሰ። በሁለተኛው ዓመት አገባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። የጓደኛውን ቤት ያነሳ እያሉ የከተማው ሰዎች ቆመው ያሳልፉታል።

እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይርዳው አልሞተም ነበር። ጭኑን ተመትቶ አንድ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ወድቆ ውሃ ውሃ ይል ነበር፤ ኮዳው ውስጥ የቀረው አንድ ጉንጭ ነው። ወንድይፍራው ካፖርቱን ገፈፈው፣ ኮዳውን አነሳ፣ ጎንበስ ብሎም «አይዞህ፣ ውሃ ቀድቼ እመጣለሁ» አለው። ያቺን አንድ ጉንጭ መንገድ ላይ ጠጣት። ይህንን ቃል ለንስሐ አባቱ እንኳ አልነገረም።

አንድ ማክሰኞ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ጎረቤቱ እትዬ ሻሼ በሱቁ በር ሲያልፉ አገኛቸውና ጨው አይወስዱም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሴትዮዋ ገርሟቸው ቆሙ።

«ቅድም ሰጥተኸኝ የለም እንዴ? ደግሞ እግርህን ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?»

አርጅተዋል ብሎ ሳቀ። ረፋዱ ላይ ግን ባንኮኒውን ሲወለውል ጠብ የሚል ነገር እጁ ላይ ወደቀ። ቀና ሲል አሥራ ስምንት ዓመት ደርቆ የኖረው ኮዳ አፉ ረጥቧል። አውርዶ ወዘወዘው፤ ውስጡ ውሃ ተንቦጫቦጨ፣ ክዳኑን ሲከፍተውም የሸለቆ ጭቃና የቆየ ደም ሽታ ሱቁን ሞላው። ከደጅ ደፋውና ጨርቁን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበ።

በማግስቱ ካፖርቱ ጠፋ። አስካለ ከሥራዋ ቀና ሳትል እሱ ራሱ ለብሶት መውጣቱን ነገረችው። እሱ ደግሞ ከፊቷ በሸሚዝ ቆሟል። ለምሳ ሲቀርብም በልተህ የለም እንዴ አለችው፤ ሁለቱ ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግታቸውን ሲደብቁ አየ። አገር የሚያከብረው ሰው የገዛ ቤቱ ሲያፌዝበት አንጀቱ እርር አለ። ከሸለቆውና ከኮዳው ይልቅ አሁን የታየው ሌላ ወንድ ነበር፤ የሚያነክስ፣ ካፖርቱን ለብሶ በጓሮ በር የሚገባ ወንድ። አሥራ ስድስት ዓመት ያበላት ሴት ከዳችው ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጓሮውን ሊጠብቅ ከአጥሩ ጥግ ቆመ። ብርቄ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዛ ወደ ማገዶ ቤቱ ገባች። ፀሐዩ ጠራራ ቢሆንም ማገዶ ቤቱ ውስጥ ያለው ጨለማ ከደጃፉ አልፎ ትንሽ ወደ ውጭ የፈሰሰ መሰለው። ቀጥሎ አንድ ጉሮሮ ሲውጥ ሰማ፤ ጉጭ፣ ጉጭ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ ከብት ወንዝ ወርዶ እንደሚጠጣው፣ ጆጉ ካለቀም በኋላ ባዶውን እየዋጠ። ብርቄ ስትወጣ መንገዷን ዘጋባት።

«ለማን ነው?»

«ለአባዬ ነው፣ ጋሼ» አለችው፣ ረጋ ብላ።

ማገዶ ቤቱን በርግዶ ገባ። ፍልጡ አለ፣ እርጥብ መሬት አለ፣ መሬቱ ላይ አንድ እግር የተጎተተበት ረጅም መስመር አለ፤ ሰው የለም። ማታ አስካለን ቤቴ የሚገባው ማን ነው ብሎ ጮኸባት። እሷም «ቤትህ?» ብቻ አለች። ንዴቱና ኩራቱ ፍራሽ አስጎትተውት ሱቁ ውስጥ ከጆንያዎቹ መሀል ሊተኛ ሄደ። የሱቁን የፊት በር እንደ ልማዱ አመሻሽ ላይ በውጭ ቆልፎታል፤ መውጫ ያለችው ያቺ የእንጨት በር ብቻ ናት።

ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ቀሰቀሰው። ብዙ ሰው ነው፣ የሚናገር ግን የለም። ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ መርዶ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ዝምታ ነው። በሩን ገፋ፤ ከወዲያ ተቀርቅሯል። ዓይኑን ስንጥቁ ላይ ለጠፈ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተከትለው ተቀምጠዋል፣ መሀል ወለሉ ላይ የገዛ ካፖርቱ ተዘርግቷል። ከካፖርቱ አጠገብ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንድ እግሩን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከልብሱ ጫፍ ጭቃ ውሃ ይንጠባጠባል።

«በእጄ ነው የቀበርኩት» አለ ሰውየው፣ በደረቀ ጉሮሮ።

ሁለቱ ትንንሽ ልጆቹ «አባዬ!» እያሉ ጮኹ። ወንድይፍራው አለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ድምፅ አልወጣውም። እንዲህ ያለ ጥም በሕይወቱ አያውቅም። ኮዳውን ከሚስማሩ አውርዶ ገለበጠው፤ ባዶ ነው። በሩን በጥፍሩ ቧጠጠው።

አስካለ ሰማች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ተነሳች፣ ወደ በሩ መጣች፣ ጎንበስ ብላ በስንጥቁ ውስጥ ዓይኑን በዓይኗ አየችው። ታድነኛለች ብሎ አመነ።

«አይዞህ» አለችው በለሆሳስ፣ «ውሃ ቀድቼ እመጣለሁ።»