ከላይ የታየው ቀይ ፍራሽ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ውሸት በሆነ ኖሮ ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ እኔን ነበር።

ጨለማ አልነበረም። መቃብርም አልነበረም። አርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኮልፌ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው የጀመረው። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ራዕይ እባላለሁ። የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። የሥራ ጓደኛዬ ሄኒ ከዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ እየመጣ እኛ ቤት ነው የምንሠራው። እሱ ሰፈር መብራት አይታመንም።

አንድ የውጭ ድርጅት ትንሽ የሙከራ ሳተላይት አምጥቆ፣ «ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ፣ ሥራችሁን ላኩልን፤ ሳተላይቷ ላይ ጭነን እንሞክርላችኋለን» ብሎ ጋበዘ። ላክን። ተመረጥን። ያን ቀን በደስታ ጨፍረናል።

ፕሮግራማችን ቀላል ነው። ቀን ትሰጡታላችሁ፤ ሳተላይቷ በዚያ ቀን ካነሳቻቸው ፎቶዎች ደመና የሌለባቸውን መርጦ ይልካል። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ ሰማይ ታልፋለች። ሦስት ጊዜ እንድንሞክር ተፈቀደልን።

የመጀመሪያው ፎቶ መጣ።

የእኛው መንደር ነው... ከላይ። ጥርት ያለ፣ ፀሐይ የሞላበት።

«ሄኒ... ውጭ እኮ እየዘነበ ነው።»

«የትናንቱ ይሆናላ።»

«ትናንትም ዘንቧል።»



ከዚያ አየሁት። ከጎናችን ያለው ፎቅ የለም። ቦታው ላይ የጋሽ ዱባለ የጭቃ ቤት ቆሟል። ያ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፤ ጋሽ ዱባለም ሰፈሩን ለቀው ሄደዋል።

«ቀኑን ምን ብለህ ነው የሰጠኸው?»

ሄኒ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር በአገጩ ጠቆመኝ። ዓለም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የሚኖር ይመስለዋል መሰለኝ፣ አሥረኛ ወር፣ 2017 ብሎ ጽፎታል። ሰኔ ማለቱ ነው።

በፈረንጅ ሲነበብ ግን ኦክቶበር 2017 ነው። የእኛ ጥቅምት 2010።

ልስቅበት አፌን ከፈትኩ። ሳቁ አልወጣም።

ሳተላይቷ ከመጠቀች ገና ዓመት አልሞላትም። ያኔ ጭራሽ አልተሠራችም።

ፎቶውን አጎላሁት። ግቢያችን መሃል አንድ ቀይ ነገር ተዘርግቷል።

ፍራሽ ነው።

ፍራሹን አውቀዋለሁ። ወንድሜ እዮኤል አስኮ ቤት ተከራይቶ፣ ለአዲሱ ቤቱ የገዛው ነው። ግቢ ውስጥ ፀሐይ አስመታው፤ በማግስቱ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ «ቅርብ ነው፣ በእግሬ አደርሰዋለሁ» ብሎ ወጣ።

አስኮ አልደረሰም።

ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ የጸሎት ቤት... ያላንኳኳነው በር የለም። ሬሳም ወሬም አልተገኘም። እናቴ ዘመነች ከዚያን ቀን ወዲህ ጸሎቷ አንድ ብቻ ሆነ። «ጌታ ሆይ፣ ካለ አምጣልኝ፤ ከሌለም ቁርጤን አሳውቀኝ።» ሌላ ነገር ለምና አታውቅም።

«የማግስቱን ቀን እንስጠው» አልኩት ሄኒን።

«ይቅርብን ራዕይ። ደስ አላለኝም።»

«ወንድሜ ነው እኮ ሄኒ! ወንድሜ ነው!»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ፎቶዎቹ ተራ በተራ ይገቡ ጀመር።

ቀዩ ፍራሽ በራችን ላይ...

ቀዩ ፍራሽ ቅያሱ ውስጥ...

ቀዩ ፍራሽ አስፋልቱ ጋ...

ከፍራሹ ሥር እዮኤል አለ። እየሄደ ነው።

«ጥላውን አየሽው?» አለኝ ሄኒ በሹክሹክታ።

የቤቱም፣ የዛፉም፣ የታክሲውም ጥላ በአንድ ወገን ወድቋል። የፍራሹ ብቻ በተቃራኒው ነው።

ቀጣዩ ፎቶ መጣ። ታክሲዎቹ ቆመዋል፤ ሱቆቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ሰው ግን የለም። አንድም ሰው። ቀዩ ፍራሽ ብቻ አስፋልቱ መሃል ቆሟል።

የመጨረሻው መጣ። ፍራሹ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ሰው ቆሟል።

ከላይ ስታዩት ሰው ጥቁር ነጥብ ነው፤ የሚታየው ፀጉሩ ነው። ይሄኛው ጥቁር አልነበረም።

ፊት ነበር። ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል።

«ልጄ...»

ክው ብዬ ዞርኩ። እማዬ ከኋላችን ቆማለች። መቼ እንደገባች አልሰማንም።

«እትዬ ዘመነች፣ ይተዉት» አለ ሄኒ፣ ኮምፒውተሩን እየከደነ። «በኢየሱስ ስም፣ ይሄ ነገር የጤና አይደለም።»

«አንድ ሙከራ ቀርቷችኋል አይደል?»

«አዎ፣ ግን...»

«የነገን ቀን ስጡልኝ። የነገን፣ የአሁኑን ዘመን። ዛሬ የት እንዳለ ልወቅ።» እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ሄኒ ደንግጦ ያዛት። «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ልጄ... ሰልችቶኛል። መጠበቅ ሰልችቶኛል።»

የእሁድን ቀን ጻፍንላት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል በዚያ ዶፍ ዝናብ ወጥታ ቅያሱ መሃል ቆመች። በመስኮት ጮህኩባት።

«እማዬ! ግቢ እንጂ! ትታመሚያለሽ!»

«እኔን ነው ቀና ብሎ የሚፈልገኝ» አለችኝ። «እንዲያየኝ ልቁምለት።»

ፎቶው ገባ።

ደመና የለም። ጎረቤት ያለው ፎቅ በቦታው አለ፤ ቅያሱ በውሃ ያብረቀርቃል። የዛሬ ነው።

ቅያሱ ግን በሰው ተሞልቷል። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ከአጥራችን እስከ አስፋልቱ ድረስ።

ቀና ብዬ በመስኮት አየሁ። እማዬ ብቻዋን ናት።

ወደ ፎቶው ተመለስኩ። ሁሉም ፊት አላቸው። ሁሉም ወደ ላይ ያያሉ። መሃላቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ አለች። አንዱ እሷን ተጠግቶ ቆሟል።

«አትይው» አለኝ ሄኒ። «ዝጊው... ዝጊው ራዕይ።»

በሩ ተከፈተ።

እማዬ ገባች።

ከዚያ ሁሉ ዝናብ... ደረቅ ናት። ነጠላዋ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ደግሞ ፈገግ ብላለች። እዮኤል ከጠፋ ወዲህ ያንን ፈገግታ አይቼው አላውቅም።

ሄኒ በሩን አላየም። ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

እማዬ ቀኝ እጄን ያዘችኝ።

«ቁርጤን አወቅኩ ራዕዬ።»

«የት ነው ያለው? እማዬ፣ የት ነው?»

«ለእድሩ ንገሪ። ድንኳን ይትከሉ።»

እሷ ናት ይህን ያለችው! እስከዛሬ «እርማችሁን አውጡ» ያላትን ሰው ሁሉ የተጣላችው።

«ለእዮኤል?» አልኳት። እንባዬ ይወርዳል።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ያኔ ከውጭ ጎረቤታችን ወርቅዬ ጮኸች። «ኡኡ! ሰው ድረሱ! ዘመነች ወደቀች! ኡኡ!»

ሄኒ ብድግ ብሎ ሮጠ። በእማዬ አጠገብ አለፈ። አላያትም።

በመስኮት አየሁ። እናቴ ጭቃው ላይ በጀርባዋ ወድቃለች፤ ዓይኖቿ እንደተከፈቱ ናቸው፤ ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ሄኒ ተንበርክኮ ስሟን ይጠራል።

ልሮጥላት ፈለግሁ። እናቴ ናት እኮ! እጄን የያዘው እጅ ግን አልለቀቀኝም።

ሰኞ ቀበርናት።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ቀኝ እጁን ሲዘረጋልኝ የእኔ ግን እንደተያዘ ነው። ሐዘን አደነዘዛት ብለው አለፉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው?

እጇ ሞቃት ነው። አንዳንዴ ወደ በሩ ሳብ ያደርገኛል... ቀስ ብሎ፣ ልጅ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው።

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው።