የገብረዝጊ ክትባት

«ፔርሙዙን» አለ ባርናባስ።

ሰርካዲስ የክትባት ጠርሙሶቹን ይዟል የተባለውን ፔርሙዝ አላቀበለችውም። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሷ ስምንት ወር ሙሉ «ማዘንጊያ» ተብላ መቐለ በሚገኝ የከብት መድኃኒት መጋዘን ወለል ስትወለውል የከረመች ሰላይ ናት። እሱ ከአዲስ አበባ የሚያዛት አለቃዋ ነው። ሥራዋ የመጋዘኑ የአባ ሰንጋ ክትባት ሐሰተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር።

ትላንት በስልክ ያላትን ደገመላት። «የላክሽው ናሙና ተመረመረ። ውስጡ ምንም የለም። አውቶቡስ ላይ ሞቆት ሞቷል። የተረፉትን ጠርሙሶች ስጪኝና ጉዳዩ ይዘጋ።»

ውሸታም!

ክትባቱ የደከመ ባክቴሪያ ስፖር ነው። ስፖር ደግሞ ቅርፊቱ ውስጥ ተጠቅልሎ አፈር ውስጥ ስንት ዓመት የሚተኛ ጉድ ነው፤ የአንድ ቀን ሙቀት አይገድለውም። ቢገድለው እንኳ ሬሳው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ምንም ካልታየ ከመጀመሪያውም ክትባት አልነበረም። ይህን ያስተማራት የመጋዘኑ ክትባት ወጊ ገብረዝጊ ነበር። «ስምዒ ሓፍተይ፣ ስሚኝ እህቴ» ይላት ነበር፣ «ይሄ ዘር ላሟ ገላ ውስጥ ገብቶ ይነቃል። ሰውነቷ ይታገለዋል፣ መልኩን ይይዛል። እውነተኛው ሲመጣ አይሸወድም።»

ገብረዝጊ በክትባቱ ያምን ነበር። ራሱ የከተባት ላም ስትሞት «አባ ሰንጋ ልትሆን አትችልም» ብሎ በባዶ እጁ ገፈፋት። ክንዱ ላይ ጥቁር ቁስል ወጣ። ሳምንት አልቆየም።

ሰርካዲስ ላሟን ከመግፈፉ በፊትም ክትባቱን ጠርጥራ ነበር። «ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ትጋለጫለሽ» ያላት ይኸው ፊቷ የቆመው ከንቱ ሰው ነው። እሷም ትንፍሽ አላለችም። ያ ነው አንጀቷን የሚያሳርራት።

«ከመጋዘኑ ባለቤቶች ጋር ነህ» አለችው።

ከኋላዋ የመኪና በር ተከፈተ።

ሁለት ሰዎች።

ፔርሙዙን ደረቱ ላይ ወረወረችለት። ከፈተው። ሻይ ብቻ።

«ጠርሙሶቹስ?»

«ቀና በል።»

የአዲስ አበባው አውሮፕላን ከኲሓ ከተማ በላይ እየወጣ ነበር። ጠርሙሶቹ እንደታሸጉ በገብረዝጊ ሚስት በለተመድህን ሻንጣ ውስጥ ናቸው፤ የምታስረክበው ለባርናባስ የበላይ ነው።

«ገደልሽኝ!»

«ገብረዝጊን ማን ገደለው?» ብላ ጮኸች። የበሩ ፖሊስ ዞር አለ። ሁለቱ ሰዎች ወደ መኪናቸው ተመለሱ። እሷም በፖሊሱ አጠገብ አልፋ ወጣች።

በአምስተኛው ቀን መጋዘኑ ታሸገ፣ ባርናባስ ታሰረ። ማታውኑ ለተመድህን ራሷ ለሰርካዲስ ደወለች።

«ማዘንጊያ ሓፍተይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገብረዝጊ ላሟን ሳይገፍፍ በፊት፣ የክትባቱን ነገር ታውቂ ነበር?»

ሰርካዲስ ስልኩን ዘጋችው። ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችው።

ጠዋት መናኸሪያ፣ ትኬት ቆራጩ «ስም?» አላት።

ሌላ ስም ነገረችው።