የኢዮኤል ምትክ

ኢዮኤል መሄዱን ለማዕረግ የነገራት ኢዮኤል ራሱ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ወዳለችው ጠባብ ስቱዲዮ ስትገባ፣ ድምፅ ቀራጩ ቶሚ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ፍላይቱ ወጣ» አላት። «ካናዳ። ሶሪ በላት ብሎ ቴክስት ላከልኝ።»

ማዕረግ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ክፍሉን ከወዲያ ወዲህ ተመላለሰችበት። ድምፅ እንዲውጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ትከሻዋን እየነካት አለፈች፤ እየነካት ተመለሰች።

«ባለፈው ሳምንት ጠይቄው ነበር። ገና ነው ብሎኝ ነበር።»

«ሁሉም ገና ነው ይላል። ከዚያ ኤርፖርት ነው።»

የሚሠሩት የድምፅ ድራማ ነበር፤ በናይሮቢ ክሊኒኮች ወረፋ ለሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን በሲዲ የሚሰማ። ታመነ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር በቲቢ ይታመማል። መድኃኒቱን ሊያቋርጥ በተነሣ ቁጥር ሠርክ የምትባል ነርስ ትቆጣዋለች፤ እየተቆጣችም ትወደዋለች። ሥራውን ያዘዘው ድርጅት በወሩ መጨረሻ ተጠናቆ እንዲሰጠው ይፈልጋል። የተቀረጸው ግን ገና ግማሹ ነው፤ የታመነ ድምፅም አሁን ከውቅያኖስ ማዶ ሆኗል።

እዚህ ያለው ስደተኛ ወደ ሌላ አገር የሚሻገርበትን ተራ ስለሚጠብቅ፣ ሰው መጉደሉ አዲስ አልነበረም። ድርሰቱን የጻፈው ሰው ስዊድን ነው። ሠርክን ታነብ የነበረችው ልጅ አውስትራሊያ ከሄደች ወዲህ ሥራውን የምትመራው ማዕረግ ራሷ ታነባለች። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚችል ከመጠየቋ በፊት «ጉዳይህ የት ደርሷል?» ትላለች። ጎበዝ የሚባለውን ሰው ትታ የማይሄደውን ትመርጣለች። ከሥራ ውጭም ልማዷ ይኸው ሆኖ ነበር።

«እኔ አንድ ልጅ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ሙሉመቤት፣ የታመነን እናት የሚያነቡት፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ኪሌሌሽዋ ሰፈር አጎቱ ምግብ ቤት ነው የሚሠራው። ይሄን የዓለም ዋንጫ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው እሱን ነው የሚሰሙት። ሰዉ ጥብሱን ትቶ አፍ አፉን ያያል።»

«ኳስ ማውራትና ድራማ አንድ ነው እንዴ፣ እትዬ ሙሉ?»

«ኳሱንማ ማንም ያወራዋል። እሱ ዳኛውንም፣ አሠልጣኙንም፣ የሚያለቅሰውን ደጋፊም ሆኖ ነው የሚያወራው።»

በማግስቱ ኪሩቤል መጣ። ረጅም ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ። የሐምሌ ብርድ ስለነበር ሹራቡን እስከ አገጩ ዘግቶታል።

«ጉዳይህ የት ደርሷል?» አለችው ማዕረግ።

«የምን ጉዳይ?»

«ወደ ውጭ የመሄጃህ።»

«እኔ የትም አልሄድም። የሥራ ፈቃዴን አጎቴ አውጥቶልኛል።» ቀና ብሎ አያት። «የእርስዎስ?»

ይህን ጥያቄ ለሰው ስታቀርብ ኖራለች፤ ለእሷ ያቀረበላት ግን አልነበረም። ወረቀቶቹን አስተካከለች። የተስተካከሉትን እንደገና አስተካከለች።

«አንቺ በለኝ» አለች። «አሁን ሥራ እንጀምር።»

«አለቃ አንቺ አይባልም» አለ ፈገግ ብሎ።

ቶሚ የኢዮኤልን ቅጂ አሰማው። ኪሩቤል ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ አፉን ሲከፍት ክፍሉ ውስጥ ኢዮኤል ነበር፤ ያው ሻካራ ድምፅ፣ ከሳሉ በፊት የምትቀድመው ያቺው አጭር ትንፋሽ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ሙሉመቤት። «ልጁን ከአውሮፕላን አወረደው እኮ!»

ማዕረግ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። ችግሩ ተፈታ፤ ድምፁ መተካቱን ማንም አያውቅም።

የሚሠራው ማይክራፎን አንድ ብቻ ስለነበር ታመነና ሠርክ ፊት ለፊት ተጠጋግተው ይቆማሉ። ወረቀቱን ትከሻቸው ከፍታ ላይ ይይዙታል፤ ዓይናቸው ግን ከወረቀቱ በላይ ይገናኛል።

«ሠርክ፣ አንቺ ባትቆጪኝ ኖሮ ይሄኔ ሞቼ ነበር» ይላታል በኢዮኤል ድምፅ፤ እሷም ሳትደናቀፍ ትመልስለታለች። ደግሞ የቀረጻው ቀይ መብራት ይጠፋና፣ በራሱ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ደህና ነበር፣ አለቃዬ?» ይላል። ይሄኔ ወረቀቶቿን ማስተካከል ትጀምራለች። የኢዮኤል ድምፅ የፍቅር ቃል ሲናገር ሥራ ነው። የኪሩቤል ድምፅ ግን ስለ ወንበር ሲጠይቃት እንኳ ወደ ቤት ስትሄድ አብሯት ማታቱ ይሳፈራል፤ የሚኒባሱ ሬዲዮ እየጮኸ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ እሷ የምትሰማው እሱን ነው።

አንድ ቀን በቀረጻ መካከል ራሱን ረሳ። «ሠርክ፣ ዓይንሽን ሳላይ የዋልኩበት ቀን ቀን አይመስለኝም» ሲል ድምፁ የራሱ ነበር። ማዕረግ ከማይክራፎኑ ሸሸች።

«ቁም! ኢዮኤል እንዲህ አይልም።»

ደገመው። «አሁንም አይደለም» አለችው። ደገመው። «ኢዮኤል ሲስቅ ትንፋሹ ይቀድማል።»

ኪሩቤል ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «ኢዮኤልን በደንብ ያውቁታል።»

«ሥራዬ ነው።»

እትዬ ሙሉመቤት ቶሚን በክርናቸው ነካ አደረጉት። ቶሚ ግን ማሽኑን እያየ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃው አፋፍ ተቀምጠው ቦንቦሊኖ የመሰለውን ማንዳዚ በሻይ ሲበሉ፣ እትዬ ሙሉመቤት ስለ ጎረቤታቸው ስለ ዓይናለም አነሡ። «አግብታ የባሏን ስም ጨምሩልኝ ብትል የመሄጃዋ ፋይል ወደ ኋላ ተመለሰባት። ስትጠብቅ የወለደችው ልጅ ይኸው ትምህርት ቤት ገባ። አንቺም ማሬ፣ የሕክምናውን ምርመራ ጨርሰሽ ከስደተኞች ቢሮ የሚደወልልሽ ስልክ ብቻ ነው የቀረሽ። እግርሽን ሰብስቢ።»

«እትዬ፣ ዎት ኢዝ ዚስ? ፍቅርም በቀጠሮ ነው እንዴ?» አለ ቶሚ።

«አንተ ዝም በል። እዚህ ተወልደህ የወረፋ ነገር ምን ታውቃለህ?»

ኪሩቤል ማኘኩን አቆመ። እንደ ተነሡ መብራት ጠፋ። ሌሎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ እሱ ደረጃው ላይ ቀረ፤ ማዕረግም ወረቀት የረሳች መስላ ተመለሰች።

«ሊሄዱ ነው ለካ» አላት።

«ሁሉም ይሄዳል።»

«ካናዳ?»

«ኖርዌይ።»

«ካናዳ ቢሆን ይሻልዎ ነበር» አለ፣ ወደ መንገዱ እያየ።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ጋለ። ኢዮኤል ለእሷ ምንም እንዳልሆነ መናገር ነበረባት። ግን ያን ካለች፣ ታዲያ ለምን የእሱን ድምፅ እንደምትሻ ሊጠይቃት ነው፤ ለዚያ ጥያቄ ያለቀ መልስ ነበራት፣ መልሱንም ነው የፈራችው። ከታች የማታቱ ጡሩምባ ተንጫጫ። የረሳችውን ወረቀት የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች። እሱም ይህንኑ እንደ መልስ ወሰደው።

«ስቲማ መጣ!» ሲል ቶሚ ከውስጥ ተጣራ፤ መብራቱ ተመልሶ ነበር።

በሚቀጥለው የቀረጻ ቀን ኪሩቤል ሹራቡን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«የዛሬውን አነባለሁ» አለ። «ለመጨረሻው ክፍል ሌላ ሰው ይፈልጉ። ምትክ ማግኘት አያቅትዎትም።»

ቶሚ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። እትዬ ሙሉመቤት «ኧረ ልጄ!» አሉ። ማዕረግ እንደ ልማዷ መመላለስ ጀመረች፤ ማን ሊተካው እንደሚችል አሰበች፣ በምግብ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በሳውዝ ሲ ሰፈር የምታውቀውን ድምፅ ሁሉ አሰበች። ሊያነብ የሚችል አልጠፋም። እሷ ግን መሀል ላይ ቆመች። የጎደለባት አንባቢ አልነበረም።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «እንቅረጽ።»

የዕለቱ ክፍል ታመነ መድኃኒቱን ጨርሶ ወደ ክሊኒኩ የሚመጣበት ነው። ተጠጋግተው ቆሙ። ቀይዋ መብራት በራች።

«ሠርክ» አለ በኢዮኤል ድምፅ፤ «ዛሬ የመጨረሻውን ክኒን ዋጥኩ።»

ወረቀቱ ላይ ያለው መልስ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ነበር። ማዕረግ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው።

«እስካሁን የሰማሁት የበሽታህን ድምፅ ነው» አለች። «አሁን ድነሃል። በራስህ ድምፅ ንገረኝ።»

ቶሚ እጁን ወደ ማሽኑ ሰደደ፤ እትዬ ሙሉመቤት መዳፉን ያዙት።

ኪሩቤል አያት። ወረቀቱ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ዓይኗ ውስጥ ግን ሁሉም ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን ልንገርሽ?» አለ። ረጋ ያለው፣ የራሱ ድምፅ ነበር። «ይሄን ሁሉ ጊዜ በሌላ ሰው ጉሮሮ ሳናግርሽ ቆየሁ። ደከመኝ።»

«እኔም ደከመኝ።»

«ታዲያ ለምን አላስቆምሽኝም?»

«ፈርቼ ነዋ። በዚህኛው ድምፅ ከጠራኸኝ የትም መሄድ እንደማልችል አውቀዋለሁ።»

«ሠርክ…» አለና ቆመ። ቀጥሎ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ማይክራፎኑ ያልሰማውን ስም ማዕረግ ሰማችው።

በድርሰቱ መሠረት እትዬ ሙሉመቤት እዚህ ቦታ አንድ ጊዜ ማሳል ብቻ ነበረባቸው። እሳቸው ግን እልልታቸውን አቀለጡት።

«ኪፕ እናድርገው?» አለ ቶሚ፣ ቀይዋን መብራት አጥፍቶ።

«ከነእልልታው» አለች ማዕረግ።

ኪሩቤል ሹራቡን አወለቀ። የመጨረሻውን ክፍል በራሱ ድምፅ አነበበው።

ሲዲዎቹን ያስረከቡ ዕለት ክሊኒኩ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ፣ ከወረፋ ጠባቂዎቹ ጋር ተቀላቅለው ተቀመጡ። ድራማው ይሰማል። ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ ማዕረግ የአድማጮቹን ፊት አየች። ከፊታቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ።

«አየህ? ድምፁ እንዴት እንደተከፈተ! መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ስለወሰደ እኮ ነው።»

ኪሩቤል ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማዕረግ ጉልበቱን መታችው፤ እጇን ግን አላነሣችም።

ያኔ ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አየችው። ስትጠብቀው የኖረችው የቢሮው ቁጥር ነበር። ሁለቱም ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡ፤ ስልኩ እየጮኸ ነው።

«የትም አልሄድም ብለህ ነበር» አለችው።

«ያን ጊዜ የት እንደምትሄጂ አላውቅም ነበር።»

«አጎትህስ?»

«በኳስ ወሬው ድምፁ የተከፈተ ቴሌቪዥን ይተካኛል።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ማዕረግ፣ እትዬ ሙሉ ያሉትን ሰምተሻል። ስሜን ካስገባሽ ፋይልሽ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

በመንገዱ ላይ ማታቱዎች እየተጋፉ ያልፋሉ። በብርዱ ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ድምፁን ጎትቶ አለፈ። ማዕረግ ቀና ብላ አላየችውም። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አነሣች።

«ይመለስ» አለችው። ከዚያም በስልኩ ውስጥ ለሚጠብቃት ሰው፣ «አቤት፣ እኔ ነኝ። አንድ ስም ማስጨመር እፈልጋለሁ።»